ሰሙን ንቆ ወርቁን መሻት

ጥበብ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኗን የሚክድ ክርስቲያን የለም። በኦሪት ዘፀአት በ31ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ እግዚአብሔር ከይሁዳ ነገድ የተወለደውን ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ የጥበብንና የማስተዋልን መንፈስ ሞላበት። ይህም መንፈስ የተሰጠው ለትንቢት ወይም ለመንግሥት ሥራ አልነበረም፤ ወርቁንና ብሩን ናሱንም እንዲሠራበት፥ ዕንቍውን እንዲቀርጽበት፥ እንጨቱንም እንዲጠርብበት ነበረ። እንግዲህ የእጅ ሥራ የተናቀ ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ ክርክሩ ባስልኤልን ከጠራው ጋር ነው።

ዳሩ ግን ጥበብ ስጦታ ከሆነች ዘንድ አንድ ጥያቄ ይከተላል። በስጦታ የተቀበሉትን ነገር በዋጋ መስጠት ይገባልን? ባለ ጥበቡ ዋጋ አይቀበል ከተባለስ የሚያበላው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ለጉባኤ ክርክር ብቻ የሚነሣ አይደለም። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ በምትገኘው በአዋበል ወረዳ ከተማ በሉማሜ፥ በዙሪያዋም ባሉት አጥቢያዎች፥ የቅኔ መምህሩና ቁም ጸሐፊው፥ ሸማኔውና ሠዓሊው፥ መሶብና ሙዳይ የምትሰፋዋም ሴት ከዚሁ ጥያቄ ጋር ይኖራሉ። ሙያቸውን ይዘው በአገራቸው ቢቀመጡ ዕንጀራ ያጣሉ፤ ዕንጀራ ፍለጋ ቢሄዱ አገሩ ሙያውን ያጣል።

ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ከቅኔ መጀመር ይሻላል፤ ጎጃም የሚመካበት ጥበብ እርሱ ነውና። ስማቸው ከሚጠራው ከሦስቱ የቅኔ ቤቶች ከዋድላ፥ ከዋሸራና ከጎንጅ፥ ሁለቱ የጎጃም ናቸው። ዲማና ደብረ ኤልያስ ደብረ ወርቅም በሊቃውንቶቻቸው የታወቁ ናቸው። የቅኔ ሊቃውንት ከጥበባቸው ሁሉ የበለጠውን ምን ብለው እንደ ሰየሙት አንባቢ ያስተውል። ሰምና ወርቅ አሉት። ይህን ስም ያገኙት ከነገሥታት ግምጃ ቤት ወይም ከዜና መዋዕል አይደለም፤ ከአንጥረኛው ጎጆ ነው። አንጥረኛው አስቀድሞ የሚሻውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ ሰሙንም በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳትም ባሞቀው ጊዜ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራ የቀለጠው ወርቅ ይፈስበታል። ወርቁ መልኩን የሚያገኘው ሰሙ አስቀድሞ በያዘለት ቅርጽ ነው። የቅኔውም ሰው የላይኛውን ቃል እንደ ሰም፥ የውስጡን ምሥጢር እንደ ወርቅ አድርጎ ተናገረ።

ከዚህ ላይ የሚያሳፍር ነገር አለ። ሊቃውንቱ ለጥበባቸው ስም የተበደሩበትን ሙያ ሕዝቡ ሲሰድበው ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፥ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያለ፥ ሸክላ የምትሠራዋንም በዓይነ ክፉነት እያማ፥ ከማዕዱና ከጋብቻው ለይቶ ያኖር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማሳወጃቸው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ዐዋጅ ምላስን ቢገታ ልብን ወዲያው አይለውጥም። ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ ከቀጥቃጩ ተቀብሎ፥ ቄሱ የሚባርክበትን መስቀል ከአንጥረኛው ተቀብሎ፥ ሁለቱም ሠሪውን አራቁት። ሰሙን ንቆ ወርቁን መሻት ማለት ይህ ነው። በዚህ ዘመን ስድቡ ቢቀንስም ጠባዩ አልጠፋም፤ መልኩን ለውጦ በዋጋ ክርክር ላይ ተቀምጧልና።

ይሁን እንጂ የጎጃም ሕዝብ ጥበብን ፈጽሞ ሳይረዳ ኖረ ማለት ሐሰት ነው። ቅኔን ለብዙ መቶ ዓመታት ያቆመው የዚሁ ሕዝብ ዕንጀራ ነው። ተማሪው ከሸዋም ሆነ ከወሎ ከጎንደርም ለምዱን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ለውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ይመጣል። ከመምህሩ ደጅ ጎጆ ይቀልሳል፤ አገባቡን ይማራል፤ ቀን ቅኔውን ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። ለዚህ ሁሉ ትምህርት የሚከፍለው ገንዘብ የለውም። ሲርበው በመንደሩ እየዞረ በእመቤታችን ስም ይለምናል። የገበሬው ሚስት ከልጆቿ ማዕድ ቍራሽ ቈርሳ በአኮፋዳው ትጨምርለታለች። ይህች ሴት ግእዝ አትሰማም፤ በእርስዋ ዕንጀራ ያደገው መወድስ በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ሲባል ምሥጢሩን አታውቀውም። ነገር ግን የጎጃም ቅኔ ባለዕዳዋ ነው። የጥበብ አሳዳጊዎች ስም በመጽሐፍ ቢጻፍ ከመኳንንቱ ስም በፊት የእርስዋ ስም ሊጻፍ ይገባው ነበር።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ አንድ የተሰወረ ጥቅም ነበረ። ተማሪው ከአርባ ቤት ስለ በላ ለአንዱም ቤት ባሪያ አልሆነም። ቍራሽ የሰጠችው ሴት በምላሹ ውዳሴ አልጠየቀችውም። ስለዚህ የቅኔ ሰው በመኰንኑ ፊት ቆሞ በሰሙ አመስግኖ በወርቁ ሊነቅፈው ድፍረት ነበረው። ከብዙዎች እጅ ጥቂት ጥቂት የሚቀበል ሰው አንደበቱ ነጻ ነው፤ ከአንድ እጅ ብዙ የሚቀበል ግን አንደበቱን ከዕንጀራው ጋር ለሰጪው ያስረክባል።

ግቢና ቤተ መንግሥት ጥበብን አልረዱም ለማለት አይደለም። በ1873 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በቀድሞ ስሟ መንቆረር በተባለችው በደብረ ማርቆስ ሊቃውንትን ሰብስበው ነበር። ከዐባይ ማዶ በሕፃንነቱ ተማርኮ የመጣው አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ በዚያ ግቢ ጥላ ሥር ተምሮ ሥዕልንም ታሪክ መጻፍንም አንድ አድርጎ የያዘ ሰው ሆነ፤ ስለ ጎጃም ትውልድና ታሪክ የጻፈውም እስከ ዛሬ ይመረመርበታል። ነገር ግን ንጉሡ በ1893 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ልጃቸው ራስ ኃይሉም በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ የዚያ ግቢ ዘመን አለፈ። የአንድ ግቢ ልግስና ከግቢው ጋር ይወድቃል፤ የአርባ መንደር ልግስና ግን አንዱ ቤት ቢዘጋ በሌላው ይቀጥላል።

ዛሬ ሁለቱም ጠባብ ሆነዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ለጭሰኛው ዕረፍት ሰጠ፤ ይህ ፍትሕ መሆኑ አይካድም። በዚያው ዐዋጅ ግን መምህሩና ካህኑ ይኖሩበት የነበረው የቤተ ክርስቲያን መሬት ከእጃቸው ወጣ፤ በመሬቱ ፈንታ የሚቆም የኑሮ ሥርዐት ግን በየደብሩ እኩል አልተተካም። ከዚያም ወዲህ ከተማ እየሰፋ፥ የእህል ዋጋ እየከበደ፥ የኪራይ ቤት እየበዛ ሲሄድ በር አንኳኩቶ ቍራሽ መለመን እንደ ቀድሞው አልሆነም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የተነሣውም ጦርነት ተማሪው በሰላም የሚሄድበትን መንገድና ሠራተኛው የሚነግድበትን ገበያ አወከ። አሮጌው ዕዳ ግን አልተሰረዘም። የሚከፈልበት ገንዘብ ተለወጠ እንጂ ዕዳው ያው ነው።

ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ምን እንደሚከተል የሚያሳዩ ሁለት ታላላቅ ሰዎች አሉ። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው። የቅኔ ሀብቱን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ በዚያም መምህር ሆነ፤ አፋጀሽኝን የመሰሉ ቴአትሮችን ደረሰ፤ በጠላት ወረራ ዘመን ወደ ሱዳን ተሰደደ፤ በ1939 ዓ.ም. ዐረፈ። ሐዲስ ዓለማየሁም እንዲሁ በደብረ ማርቆስ አውራጃ ተወልዶ በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ሰው ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ፍቅር እስከ መቃብር ታሪኩ የጎጃም፥ በዛብህም የጎጃም ተማሪ ሲሆን፥ መጽሐፉ የታተመው በአዲስ አበባ ነው። እነዚህ ሰዎች ወደ ዋናው ከተማ በመሄዳቸው ሊነቀፉ አይገባም፤ አገር ሁሉ ተጠቅሞባቸዋል። የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነው። ማተሚያው፥ የቴአትሩ አዳራሽ፥ መጽሐፉን በገንዘብ የሚገዛው ሰው ሁሉ ከዐባይ ማዶ ብቻ ስለ ምን ሆነ? ዐባይ ጎጃምን ዞሮ አፈሩን እንደሚወስድ፥ መንገዱም የጎጃምን ጥበብ ይወስዳል፤ አፈሩን ለመያዝ እርከን የሚሠራ ሕዝብ ለጥበቡ እርከን መሥራት አላሰበም። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተጠራ የባህል ጥናት ተቋም መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን ያለፈውን ባለ ጥበብ በስሙ ማክበር አንድ ሥራ ነው፤ በሕይወት ያለውን ማብላት ሌላ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ከካህናቱ ወገን አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ጌታችን ሐዋርያትን በላከ ጊዜ ያለ ዋጋ የተቀበሉትን ያለ ዋጋ እንዲሰጡ አዝዟል፤ ሲሞን መሠርይም ጸጋን በገንዘብ ሊገዛ ስለ ወደደ በጴጥሮስ አፍ ተወግዟል፤ ስለዚህ ጥበብን በዋጋ ማውጣት ጸጋን መሸጥ ነው ይላሉ። ይህ ቃል የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን እስከ ፍጻሜው መነበብ ይገባዋል። በማቴዎስ ወንጌል በ10ኛው ምዕራፍ ያለ ዋጋ ስጡ የሚለው ትእዛዝ በስምንተኛው ቍጥር ነው። ለሚሠራ ሰው ምግቡ የሚገባው መሆኑም ሁለት ቍጥር ዝቅ ብሎ በዚያው ቃል ተነግሯል። ጌታ በአንድ ትንፋሽ የተናገራቸውን ሁለቱን ቃላት መለያየት አይገባም። አንዱ ስለ ስጦታው፥ ሌላው ስለ ሠራተኛው ይናገራል። ስጦታው አይሸጥም፤ ሠራተኛውም አይራብም።

ለዚህ ትርጓሜ ምስክሩ የቤተ ክርስቲያን የገዛ ራሷ ልማድ ነው። ቁም ጸሐፊ የፍየል ቆዳ ይፍቃል፤ ብራናውን ይወጥራል፤ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም ያዘጋጃል፤ መቃውን ይቀርጻል፤ ዓይኑን እያደከመ ዳዊት ይጽፋል። ለድካሙ ዋጋ ተስማምቶ ሲቀበል መዝሙረ ዳዊትን ሸጠ ብሎ ያወገዘው ሲኖዶስ የለም። የተከፈለው ስለ ቆዳው፥ ስለ ቀለሙ፥ ስለ ወራቱና ስለ ዓይኑ ነው፤ የዳዊት መንፈስ ግን ዋጋ አልወጣለትም። በመጽሐፉም መጨረሻ ለጻፈው፥ ላስጻፈው፥ ለሚያነበውና ለሚሰማው በአንድነት ምሕረት ይለመናል። በዚህች አጭር ጸሎት ውስጥ የጥበብ ኑሮ ሁሉ ተጠቅልሎ ይገኛል። የሚሠራ፥ የሚያሠራ፥ የሚያነብና የሚሰማ አራቱ በአንድነት ካልቆሙ መጽሐፍ የለም። ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ በዋጋው ሲበላ፥ ወንጌሉን ግን ያለ ዋጋ ሲሰብክ፥ የሸጠው ድንኳኑን እንጂ ወንጌሉን አልነበረም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከከተማው አዋቂዎች ወገን የሚመጣ ነው። ባለ ጥበብን ገንዘብ ያበላሸዋል፤ አዝማሪ ለሸለመው ሁሉ እንደሚዘፍን ባለ ቅኔውም ለከፈለው ያመሰግናል ይላሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ረኃብ ከገንዘብ ይልቅ ፈጥኖ ያበላሻል። ልጆቹ የተራቡበት ሠዓሊ የታዘዘውን ሁሉ ይሥላል፤ ቤት ኪራይ ያልከፈለ ጸሐፊ የተነገረውን ሁሉ ይጽፋል። ከመጠን ያለፈ ሀብትም ከመጠን ያለፈ ችግርም ሰውን ያስጎነብሰዋል። ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውን ማስታወስ ይጠቅማል። በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወጋው፤ ንጉሡም ደንግጦ የፈለገውን እንዲጠይቅ በነገረው ጊዜ ያሬድ ርስትና ወርቅ አልለመነም፤ ወደ ሰሜን ተራራ ሄዶ በምናኔ ይኖር ዘንድ ፈቃድ ለመነ። ባለ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የሚሻው ለሥራው የሚበቃ ጊዜና ነጻነት ነው። ይህንንም አንድ ባለጸጋ፥ አንድ መሥሪያ ቤት ወይም አንድ ሹም ብቻውን ቢሰጠው በሌላ እጁ መልሶ ሊወስድበት ይችላል። መድኃኒቱ ከአርባው ቤት የተገኘው ትምህርት ነው፤ ከብዙ እጅ በጥቂት በጥቂቱ መርዳት።

ይህ በሉማሜ በምን ዐይነት ይፈጸማል? በመጀመሪያ ማኅበሩና ሰንበቴው፥ ሰበካ ጉባኤውና ዕድሩ የሚያሠሩት ነገር ሲኖራቸው አስቀድመው ወደ ቅርቡ እጅ ይመልከቱ። ዛሬ በብዙ አጥቢያ ሠዓሊ ከሚሥለው ሥዕል ይልቅ በማተሚያ የተባዛ የወረቀት ሥዕል ይሰቀላል፤ ርካሽ ነውና። ነገር ግን ርካሹን የገዛ ደብር ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቤተ መቅደሱን ግድግዳ የሚሥልለት ሰው ፈልጎ ቢያጣ ማንን ይወቅሳል? በየዓመቱ አንድ ሥዕል፥ አንድ የብራና መጽሐፍ፥ አንድ የጥልፍ መጎናጸፊያ ማሠራት ለአንድ ማኅበር ከባድ አይደለም፤ ለአንድ ባለሙያ ግን የዓመት ተስፋ ነው።

ሁለተኛም ዋጋው ከሥራው በፊት በቃል ይጽና፤ ሥራው ሲያልቅም ሳይዘገይ ይከፈል። በበዓል ቀን ስለ አገር ባህል የሚያወራው አዋቂ ሰው በገበያ ቀን ከሸማኔው ጋር ስለ አንድ ጋቢ እስከ ምሽት ይከራከራል፤ ሸማኔው መሽቶበት ወደ ቤቱ ባዶ እጁን ላለመሄድ ሲል ከድካሙ በታች ይሸጣል። ሰውዬው በርካሽ በመግዛቱ ለወዳጆቹ ይመካል። ያን ጊዜ የሸማኔው ልጅ አጠገቡ ቆሞ ይሰማል፤ በዚያችም ሰዓት የአባቱን ሙያ ላለመያዝ በልቡ ይቈርጣል። አንድ ሙያ የሚሞተው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው።

ሦስተኛም ሥራው የሠሪው ስም ይኑረው። የቅኔ ቤት ይህን ሕግ ከጥንት ያውቀዋል፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚናገር ተማሪ በጓደኞቹ ዘንድ ይዋረዳልና። የአገሩም ሕግ በ1996 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 410 የደራሲን መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞቱም በኋላ ለ50 ዓመት ጠብቆለታል። ሕጉ በወረቀት መኖሩ በጎ ነው፤ ግን መዝሙሩን ያለ ፈቃድ የሚያባዛው፥ መጽሐፉን ያለ ዋጋ የሚገለብጠው ሰው የሚሰርቀው ከባዕድ አይደለም፤ ከጎረቤቱ ማዕድ ነው።

አራተኛም በአውራ መንገዱ የሚያልፈው መንገደኛ በሉማሜ ቢያርፍ ምሳውን በልቶ ይሄዳል፤ ከከተማዋ ይዞት የሚሄደው ነገር ምንድን ነው? ስፌቷን ሸክላዋንና ሽመናዋን ባለሙያዎቹ ራሳቸው ተባብረው የሚሸጡበት አንድ መደብር ቢኖራቸው፥ የነጋዴ ትርፍ ሳይሻማቸው መንገደኛው ራሱ ከአርባዎቹ ቤቶች አንዱ ይሆንላቸው ነበር።

ባለሙያውም ከዚህ ሁሉ የሚገባ ድርሻ አለው። በሩቁ የመጣ ዕቃ ርካሽ ሲሆን የቅርቡ እንዲገዛለት የሚሻ ሰው ድሩን ሊያሳሳ፥ ቀለሙን ሊያጭበረብር፥ የቀጠረውን ቀን ሊያሳልፍ አይገባውም። እርዳታ የስንፍና መሸፈኛ አይሆንም። ይልቁንም እግዚአብሔር ለባስልኤልና ለኤልያብ እጅን ብቻ ሳይሆን ሌላውን የማስተማር ልብ ጭምር እንደ ሰጣቸው ተጽፏል። ሙያውን ደብቆ የሚሞት ባለሙያ ጎረቤቱን በንፉግነት ሊከስስ አይችልም።

ለድንኳኑ ሥራ የእስራኤል ልጆች ያመጡት ስጦታ በዚያው በኦሪት ዘፀአት ተጽፏል። ወርቅ ያለው ወርቅ አመጣ፤ የፍየል ጠጕር ያለው የፍየል ጠጕር አመጣ፤ ልባቸው ጥበበኛ የሆነ ሴቶችም በእጃቸው ፈተሉ። ከመብዛቱም የተነሣ ሕዝቡ ከእንግዲህ ወዲያ እንዳያመጣ ሙሴ በሰፈሩ ዐዋጅ አስነገረ። ባስልኤልም ያለ ሐሳብ ሥራውን ፈጸመ። ያን ድንኳን ያቆመው የአንድ ባለጸጋ ቸርነት አልነበረም። የጎጃም ገበሬ ሚስት ይህን ሳይነግሯት ታውቀው ነበር፤ ቍራሿን በአኮፋዳው ስትጨምር ታደርገው የነበረው ይኸው ነው። ቄሱና የከተማው አዋቂ ከእርስዋ የሚበልጥ ሀብትና ዕውቀት አላቸው። ከእርስዋ ያነሰ ቢሰጡ ወርቁን ወደው ሰሙን የጣሉ ይሆናሉ። ሰም የሌለው አንጥረኛ ደግሞ ወርቅ ቢሞላለትም የሚያፈስበት ቅርጽ የለውም።

ባስልኤልን በስሙ የጠራ እግዚአብሔር ለባለ ጥበቡ ትጋትን፥ ለሚያሠራውም ቅን ልብን ይስጥ።